መንገዱን የምታውቀው ልጅ

በረዶው የሚኒባሱን ጣሪያ ሲቀጠቅጠው ግማሹ ተሳፋሪ ያማትባል፣ ግማሹ ዱዓ ያደርጋል፤ ከውሰር ግን ሳቋ አላቆም አላት። በዐሥራ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ ዝናብ አይታ አታውቅም። ነፋሱ የመንገድ ዳሩን ባሕር ዛፎች ጎንበስ ቀና ያሰኛቸዋል። መብረቁ በጮኸ ቁጥር ከኋላ ወንበር የታሰሩት ዶሮዎች አብረው ይጮኻሉ።

«አይ የዘንድሮ ልጅ! መብረቅ ያስቃታል» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ።

«እማማ፣ ወላሂ ፈርቼ ነው የምስቀው!»

ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ደስታ ነው። ሦስተኛ ግማሽ የሚባል ነገር ቢኖር ደግሞ እሱ ጭንቀት ነበር፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆኗል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረታ መድረስ አለባት። ዛሬ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት መዝጊያ ነው። የወረታና የአንበሳሜ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ ይፋለማሉ። የወረታ ቡድን ሦስት ነው፦ ሰገን፣ ሙሰብና እሷ። አንድ ሰው የጎደለበት ቡድን አይወዳደርም። የአንበሳሜ ልጆች ይህን ደንብ ስለሚያውቁ ትናንት ገብተው አድረዋል።

እሷ ግን ለአባቷ ሱቅ ዕቃ ልታመጣ ጠዋት ወደ ይፋግ ሄደች። ሙሰብ «የነሐሴን ሰማይ አትመኝው፣ ቅሪ» ብሏት ነበር። «አታካብድ፣ በስድስት ሰዓት እዚህ ነኝ» አለችው። ይኸው ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆየ።

የርብን ድልድይ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ በረዶው አባራ፣ ሚኒባሱም ቀጥ አለ። ከፊታቸው አስፋልት የለም። ርብ ሞልቶ ወጥቶ መንገዱንም የሩዙን ማሳም አንድ አድርጎታል። ቡናማው ውሃ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጣና ይጓዛል። አስፋልቱ ላይ ጉልበት ቢደርስ ነው፤ ከጠርዙ የወጣ መኪና ግን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ሹፌሩ መንግሥቴ ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ። «ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው አለ? በትር ይዞ ከፊቴ የሚሄድ፣ እኔ እየተከተልሁ የምሄድ?»

ረዳቱ እዮብ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው፤ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሌሎቹም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» አለች ከውሰር። አፏ ቀደማት።

«አንች? የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙባረክ፣ የባለሱቁ። በየሳምንቱ እመላለስበታለሁ!»

መመላለሱስ ትመላለሳለች። ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ነው። መንግሥቴ ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ በትር ሰጣት።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በበትሩ ፊቷን እየነካች ሄደች። አስፋልቱ ከእግሯ ሥር ጠንካራ ነው። በእጇ ምልክት ስትሰጥ ሚኒባሱ እንደ በግ ተከተላት። በመስኮት አንዷ በስልክ ትቀርጻታለች። «በርቺ የኔ አንበሳ!» ይላል ሌላው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ሰገንና ሙሰብ ባዩኝ አለች በልቧ።

መሀል ላይ ደረሰች። በትሩን ወደ ፊት ስትሰድ መሬቱን አጣችው። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም የለም። እዚህ ጋ መንገዱ ይታጠፋል፤ ያንን ታስታውሳለች። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ ግን ከራሷ ውስጥ አልወጣ አለ። ዙሪያዋን አየች። የትም ቢያዩት ያው ውሃ ነው። ሁለት እጇን ዘርግታ ሚኒባሱን አስቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አለ መንግሥቴ በመስኮት።

«አላውቀውም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ውሃው… ውሃው ጠለቀ!»

«ኧረ እንዳትንቀሳቀሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሃያ የሚሆኑ ከብቶች በሚኒባሱ ጎን እየተንቦጫረቁ ደረሱ። ከኋላቸው እስከ ወገባቸው የረጠቡ አንድ ገበሬ ሽመላቸውን ይዘው ይመጣሉ። መንግሥቴ ሲያያቸው «አያ አድማሴ! እግዜር ነው የላከዎት!» አለ። ከብቶቻቸውን ከሰመጠው ማሳ አውጥተው ወደ ደረቅ ጉብታ እየነዱ ነው።

አያ አድማሴ ከውሰርን ከላይ እስከ ታች አይዋት። «የቆምሽው ጠርዙ ላይ ነው፤ ሁለት እርምጃ ብትጨምሪ ዓሣ ሆነሽ ነበር። እንኳን ቆምሽ። ዘወር በይ፣ ቡሬ ትምራን። ማለዳ ማታ የምትሄድበት ነው፣ ኮቴዋ ያውቀዋል። እሷ ያልረገጠችውን እንዳትረግጡ!»

ነጭና ጥቁሯ ላም ሳታመነታ ወደ ግራ ታጠፈች። ከውሰር ደግሞ ወደ ቀኝ ልትል ነበር! ከብቶቹ ከፊት፣ ከውሰር ከጭራቸው ሥር፣ ሚኒባሱ ከኋላ ሆነው ውሃውን ሰነጠቁት። ደረቁ አስፋልት ላይ ሲወጡ መኪናው ውስጥ እልልታው ቀለጠ። አያ አድማሴ ምስጋናውን እንኳ ሳይጠብቁ ከብቶቻቸውን ወደ ጉብታው ነዱ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት። ወረታ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ትደርሳለች!

በዚህኛው ወገን መኪናዎች ቆመዋል። ከፊት ያለው አይሱዙ ከወረታ ገበያ የሚመለሱ ሰዎችን በጀርባው ጭኗል፤ አንዲት እናት ሕፃኗን በላስቲክ ሸፍና ታቅፋለች። በእውቀቱ የሚባለው ሹፌሩ እየሮጠ መጣ።

«መንግሥቴ፣ እንዴት አለፍኸው?»

«ይችን ልጅ ጠይቃት! መንገዱን አብጠርጥራ ነው የምታውቀው! እሷ ባታስቆመኝ እኮ ዛሬ እርም አውጥተውልን ነበር!» አለ መንግሥቴ፤ ተሳፋሪው አጨበጨበላት። ከውሰር ጆሮዋ ጋለ። ደስ አላት፤ ቀጥሎም ደስ ማለቱ አሳፈራት።

በእውቀቱ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ከዚህ ስሄድ መታጠፊያው የቱ ጋ ነው? ስንት ሜትር ሄጄ ልጠምዝዘው? ንገሪኝና ልሂድ፣ ሰማዩ ደግሞ ሊጀምር ነው።»

ወደ ውሃው ዞረች። ያለፉበት ቦታ ምንም ምልክት የለውም። የምታስታውሰው የላም ጭራ ብቻ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ሙሰብ ነው። «የት ነሽ? የአንበሳሜዎቹ ወንበር ይዘዋል! ስምሽን እየጠሩ ነው!»

«ግቢ እንጂ!» አለ መንግሥቴ ክላክስ እያደረገ። «ሰው እየጠበቀሽ አይደል? ንገሪውና እንሂድ!»

ሙሰብን «ጠብቀኝ» ብላ ስልኩን ዝቅ አደረገችው።

«አላውቀውም» አለች።

«ምን?» አለ በእውቀቱ።

«መንገዱን አላውቀውም። ቅድምም አላውቀውም ነበር። ያቆምኋችሁ ስለጠፋብኝ ነው። ያሻገረችን የአያ አድማሴ ላም ናት።»

ስትቀርጻት የነበረችው ልጅ ስልኳን አወረደች። መንግሥቴ አፉን ከፍቶ አያት፤ ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። «አሥራ አራት ነፍስ ጭኜ…» ብሎ አልጨረሰውም። ሴትዮዋ ብቻ «እኔስ ሳቋን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«አያ አድማሴ ወደየት ሄዱ?» አለ በእውቀቱ።

ያያቻቸው እሷ ናት። ከጉብታው ጀርባ ሲዞሩ በዓይኗ ሸኝታቸዋለች። በእግር እሩቅ ነው፤ ጭቃው ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል።

«እኔ እጠራቸዋለሁ» አለች።

«እኔ ግን አልቆምም» አለ መንግሥቴ። ቁጣው ገና አልበረደም። «ሰው ጭኛለሁ።»

«ሂዱ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው። «ሙሰብ፣ አልደርስም። ይቅር በለኝ። ለሰገንም ንገራት።»

«ከውሰር! እንዴ! ከውሰ—»

ዘጋችው። ጫማዋን መንገዱ ዳር አስቀምጣ ጭቃው ውስጥ ገባች። ልቧ በኃይል ይመታል፤ እንባዋም መጥቷል፤ ግን ሮጠች። የሚኒባሱ ሞተር ሲነሳ ሰማችው፤ ዞራ አላየችም።

«አያ አድማሴ!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ከነፋሱ በላይ ወጣ። «አያ አድማሴ፣ ቡሬን ይመልሷት! ሰው እየጠበቀ ነው!»