ሰባት ሴንቲሜትር

«ሰባት ሴንቲሜትር ትዋሻለች ይቺ ዕቃሽ!» አሉ አያ ክንዱ ከመሰላሉ ጫፍ ሆነው። መለኪያ ዘንጋቸውን ከትምህርት ቤቱ የውኃ ሮቶ ውስጥ አውጥተው እርጥቡን ምልክት አሳዩአት።

ፍሬሰላም ከታች ትንሿን ስክሪን እንደገና አየች። 43። የአያ ክንዱ ዘንግ 50 ይላል። ትናንት እሑድ በቀትር ሁለቱም 50 ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን የከፈተ የለም።

ሴንሰሩን ከጎንደር ፒያሳ አስመጥታ ከሮቶው ክዳን ሥር የገጠመችው እሷ ናት። ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል፤ ያንን ከሮቶው ቁመት ቀንሶ የውኃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ያሳያል። ከሠራ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ክንዱ በየማለዳው መሰላል መውጣት ይቀርላቸዋል። ባለፈው ክረምት ከዚሁ መሰላል ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ቁርጡን ነግረዋታል፤ ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ያያሉ፤ ካልሠራ ይነሳል።

«ቀላል ነው» አለ የክፍል ጓደኛዋ ጌቾ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። «ፕሮግራሙ ላይ ሰባት ጨምር ብዬ ጻፍኩበት። አለቀ! ይኸው ሃምሳ።»

«ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

«ምን ቸገረሽ? አምስት ደቂቃ ነው የሚቆሙት!»

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ብላ ጥቁሩን ሮቶ መታችው። ፍሬሰላም በብርድ የደነዘዙ ጣቶቿን እያሸች ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። 51። ቆይቶ 52።

«ጌቾ፣ ውኃ የጨመረ አለ?»

«ማን ይጨምራል?»

53።

«ብርዱ ነው!» ብላ ጮኸች። «ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው! ዘግይቶ ሲመለስ ሴንሰሩ ውኃው የራቀና የጎደለ ይመስለዋል። ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል፤ አንተ ተኝተህ ነበር!»

«አልተኛሁም፤ ዓይኔን እያሳረፍኩ ነበር።»

አያ ክንዱ እየሳቁ ወረዱ። «እንደኔ ጉልበት በሏታ! እሷም በብርድ አልታዘዝ ትላለች።»

«ሙቀት መለኪያ ብንጨምርበት ራሱ ያስተካክላል!» ፍሬሰላም ባለችበት መቆም አልቻለችም።

«እሱ ያለው ጎንደር ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ያው እየመጡ ነው» አለ ጌቾ። «ሰባቱን አራት ላድርገውና ዛሬን እንለፍ።»

«በየሩብ ሰዓቱ ልትቀይረው ነው? በቀትርስ የሌለ ውኃ አለ ሊል?»

ፍሬሰላም ላፕቶፑን ከጉልበቱ ሳበችና የጻፈውን መስመር አጠፋችው። ስክሪኑ 46 ላይ ወረደ።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ ደረሱ። «እህ፣ ሠራ?»

«አልሠራም» አለች ፍሬሰላም፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። «ለምን እንዳልሠራ ግን አውቄያለሁ። እባክዎ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቁሙልኝ፤ ጠብታ ውኃ ሳንጨምር ቁጥሩ ሲወጣ ያያሉ።»

ዳይሬክተሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን አዩ። ጌቾ ወንበር ሊያመጣ ወደ ክፍል ሮጠ።