መሳቢያ ውስጥ የቀረው ገመድ

መጠበቅ አልወድም። ሊፍት ከዘገየ በደረጃ እወጣለሁ፤ ሻይ እስኪበርድ ስለማልታገስ ምላሴ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነው። ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ካሜራማኑ የቀረጸውን በሃርድ ዲስክ ያመጣልኛል፤ ዲስኩን በማግስቱ ስለሚቀርጽበት ኮፒው እስኪያልቅ አጠገቤ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ኮፒው እንደ ኤሊ ተጎተተ። ሃርድ ዲስኩን ሰደብኩት።

«ችኩሊት፣ ዕቃ እኮ ነው፤ አይሰማሽም» አለኝ እየሳቀ።

እሱ ሲያወራኝ ሰዓቱ ሄደ። ማታ እሱ ከሄደ በኋላ በራሴ ዲስክ ሞከርኩት፤ ያው መጎተት ነው። ገመዱን ስቀይር ግን በረረ። ለካ የሰካሁት የስልክ ቻርጀር ገመድ ነበር!

ደህናውን ገመድ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለምን ብትሉኝ፣ ኮፒው ቶሎ ካለቀ እሱም ቶሎ ይሄዳል።

«ዲስኩ ዛሬም አልተሻለውም?» ይለኛል በመጣ ቁጥር።

«አልተሻለውም» እላለሁ፣ ዓይኑን ሳላይ።

አንድ ቀን ግን ሰዓቱን ደጋግሞ አየ።

«ምነው?»

«እማዬ ነገ ቀዶ ጥገና ትገባለች። የመጠየቂያው ሰዓት ሳያልፍ ልያት ብዬ ነበር... ይደርስልኝ ይሆን?»

መሳቢያውን ብከፍት ይነቃብኛል። ባልከፍት ደግሞ... ስክሪኑ ላይ የሚጎተተውን ኮፒ እያየሁ ቆየሁ። ስከፍተው መሽቶ ነበር።

ገመዱን ስቀይር አየኝ። ኮፒው ወዲያው አለቀ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ አለሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ዲስኩን ነቅሎ ወጣ።

በማግስቱ እናቱ የተኛችበትን ሆስፒታል አጠያይቄ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ትናንት ስደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር» አለኝ። «ሳላያት ቀዶ ጥገና ገባች።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው... ሌላ ሰበብ የለኝም።»

ዞሮ አየኝ።

«አፍ የለሽም እንዴ? ቁጭ በል ብትይኝ እቀመጥ ነበር እኮ።»

ጥግ ላይ ቆሜ አብሬው ጠበቅኩ። መቼ ያልቃል ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ «በሰላም ወጥታለች፤ ነቅታለች» ተባልን።

«እማዬ» አላት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ «ትናንት ያስቀረችኝ ይቺ ናት።»

እናቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ ምን ገትረህ ታቆማታለህ?» አለች በደከመ ድምፅ። «አስቀምጣት እንጂ።»

ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሰጠኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«ነገም ትመጫለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እመጣለሁ» አልኩት። «በሰዓቱ።»