ከማሞቂያው ሥር የደረቀው ናና

የውሃ ማሞቂያው ጋን ግድግዳ በርቅሶ፣ የክሌም ሆስኪንን ደረት ጨፍልቆ፣ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ አርፏል። ኢንስፔክተር ናንኪቬል ስትደርስ የሟቹ ደም ከፈላው ውሃ ጋር ተደባልቆ በጓሮው ይወርዳል። ከአጥሩ ጥግ የመንደሩ ወንዶች የሟቹን ወንድም ዋሪክን መሬት ጥለው ይረግጡታል።

«እጃችሁን ሰብስቡ! ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃኛል!» ስትል ጮኸች።

ዋሪክ ከሩቁ የዳርዊን ከተማ የገባው ትናንት ማታ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ከክሌም ጋር ተቧቅሶ «እገድልሃለሁ» ማለቱን ያልሰማ የለም። ክሌም ደግሞ ሳምንቱን በግ ሲሸልት ከርሞ ትናንት ነበር የተመለሰው። ሲሄድ ያጠፋውን ማሞቂያ ዛሬ ጠዋት ለኮሰና ሞተ።

«የዚህ አገር ውሃ ድንጋይ ነው፤ ጋኑን በዝቃጭ ይሞላዋል፣ ቫልቩን ይበላዋል» አለ የሟቹ አማት መርቭ። «ለውጠው ብዬ ለፈለፍኩ፣ ማን ሰምቶኝ!»

ናንኪቬል ከፍርስራሹ የእንፋሎት ማስተንፈሻውን ቱቦ አነሳች። ጫፉ በብረት ቡሽ ተጠርቅሟል። ሙቀት ሲያልፍ እሳቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያም በሽቦ ታስሯል።

«ይሄን ዝቃጭ አልሠራውም፣ አቶ መርቭ።»

የመርቭ ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ ማታ እዚህ ያደረው ዋሪክ አይደል እንዴ! ትናንት ዶሮዎቹን ሳበላ ቱቦው እንደ ልማዱ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጫማዬን አርሶታል።»

«ማሞቂያው ጠፍቶም ያፈስሳል?»

«ዓመት ሙሉ!»

ሳምንቱን አባቷ መርቭ ቤት የከረመችው የክሌም ሚስት ራሊን አጠገባቸው ቆማለች። መንጋጋዋ ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ የቀለበት ቅርጽ ታትሟል።

«ምን ነካሽ?»

«በር ገጨኝ።»

«በሩ ቀለበት ያደርጋል?»

ናንኪቬል ምርመራው የት እንደሚያደርሳት ስለገባት ባትቀጥልበት በወደደች። ቢሆንም ዋሪክ ደም እየተፋ ካቴና ይጠብቃል።

ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ አገር ጠብታ አይባክንም፤ ሁላችሁም ከቱቦው ሥር ናና ትተክላላችሁ። የክሌምን ናና እዩት።»

ናናው እስከ ሥሩ ደርቆ፣ አፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ቱቦው የተደፈነው ክሌም እንደሄደ ነው፤ ያኔ ዋሪክ ዳርዊን ነበር። ትናንት ሲንጠባጠብ አየሁ ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው። ንጹሕ ሰው ያንን ለምን ይዋሻል? የቤቱን ቁልፍ የያዘውስ ማን ነበር?»

ወንዶቹ ወደ መርቭ ዞሩ። ሽማግሌው አልካደም።

«መንጋጋዋን እንዲህ አጥቁሮብኝ ምን ላድርገው? ልሳመው?» አለ። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ!»

ራሊን ቀና አለች። «እኔ ልተወው ወስኜ ነበር፣ አባዬ። ዛሬ ጠዋት ልብሴን ላወጣ መጥቼ በሩን ልከፍት ስል ነው የፈነዳው። እኔንም ልትገድለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ምን አሰብሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ራሊን አባቷን አልፋ ሄደች፤ ዋሪክን ደግፋ አስነሳችውና አፉን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።