ሁለት ነፍስ አለኝ

«ለመሆኑ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታይቶት ነው ከማንጎ ጫፍ የሚዘል?»

የልጆቹ አያት እማማ አሰለፈች ይህን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስንቴ እንደጠየቁ እንጃ። አሁንም ከወጌሻው ቤት ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በቀርከሃ የታሰረውን የእዩኤልን ክንድ እያዩ ጠየቁ። እህቱ ሰብለወንጌል መልሱን ታውቀዋለች።

«የብኸይታ ልጅ ነው የገፋፋው፤ አንቺው ነግረሽኝ የለ! ሙንታሲር ሁለተኛ ይቺን አጥር እንዳያልፍ! ወይ ጉድ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖረን…»

ሰብለ «ሙንታሲር ነው ዝለል ያለው» ያለችው በድንጋጤ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቃሏን የምትመልስበት ቀዳዳ አጣች።

ያን ቀን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ልታጠና ብላ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ደብተሩ ጭኗ ላይ፣ ጌም የተከፈተበት ስልክ እጇ ላይ። ሙንታሲር ከማንጎው ሥር «ሰብሊ፣ ነይ! አልወርድም አለ!» እያለ ሲጮኽ ሰምታዋለች። ቀና ሳትል «ቆይ፣ ልሞት ነው!» አለችው፤ ጌሙ ውስጥ ማለቷ ነበር። እዩኤል ከላይ «ሁለት ነፍስ አለኝ!» ብሎ ሲዘል ሰማች። ይህንንም ያስለመደችው እሷው ናት። ጌሙን በተራ ስትሰጠው ገደል ባየ ቁጥር ይፈራ ስለነበር «ዝለል ባክህ፣ ብትሞትም ሌላ ነፍስ አለህ» ትለው ነበር።

ከደጅ የሙንታሲር እናት የብኸይታ ድምፅ ተሰማ።

«እማማ አሰለፈች፣ ልጅ እንዴት ሆነ? ሙንታሲር ከዚያ ቀን ምግብ እምቢ አለ። ገንፎ ይዤ መጣሁ።»

«ደህና ነው። ደክሞናል፣ ልንተኛ ነው» አሉ እማማ፣ በሩን ሳይከፍቱ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ኮቴው ቀስ እያለ ራቀ።

ሰብለ ዓይኗን ጨፈነች። ያ የጌሙ ትንሽ ሰውዬ ዛሬም ከዓይኗ ቆብ ሥር ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ አልገፋችም።

«ሰብሊ» አላት እዩኤል በደከመ ድምፅ፣ «አሁን አንድ ነው የቀረኝ?»

እማማ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። «አንድ ምን?»

ሰብለ ተነሳች። ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅላ እማማ ጭን ላይ አስቀመጠችው። በሩን ስትከፍት ገንፎው ክዳኑ ተደፍቶበት ደፉ ላይ ቁጭ ብሏል። አንስታ እዩኤል ራስጌ አኖረችው።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አሉ እማማ።

ወጣችና ወደ ብኸይታ አጥር ታጠፈች።