ከወለሉ ስር

የፍጥነት መለኪያው መርፌ ስልሳ አንድ ላይ ደርሶ ሲንቀጠቀጥ፣ ነፋሱ የሌሲን አፍ ሞልቶት መሳቅ እንኳ አቃታት። ከጎኗ አያቷ ቨርነን ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ይፍነከነካሉ። ይህች ባስ የተባለው ዓሣ የሚጠመድባት ያረጀች ጀልባ በሰዓት ከሃምሳ ማይል ካለፈች ዓመታት ሆኗት ነበር።

ለምን እንደተንቀራፈፈች ያወቁት የብርዱን ወራት ሙሉ ሲጠግኗት ነው። ወለሉን ሲገነጥሉት፣ ከስሩ ያለው ፎም ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ለሁለት ቢታገሉትም አልነሳ አለ። ቆራርጠው ጣሉት። በቦታው አዲስ መሞላት ነበረበት፤ ሁለት ፈሳሽ ቀላቅለው ሲያፈሱት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ የሚደርቅ ዓይነት። ጀልባዋ ውሃ ቢገባባት እንኳ እንዳትሰጥም የሚይዛት እሱ ነው። ቨርነን ወገባቸው አላጎነብስ ስላላቸው ሥራውን ለሌሲ ሰጧት።

እሷ ግን አልሞላችውም። የአክስቷ ልጅ ትሪፕ ቅዳሜ እስከ ድልድዩ እንሽቀዳደም ብሏት፣ «ያቺን ቆርቆሮ ይዘሽ?» እያለ በክፍል ልጆች ፊት ሲያበሽቃት ከርሟል። ደረቅ ፎም አይከብድም ብለው አያቷ ነግረዋታል፤ ለእሷ ግን የግማሽ ማይል የፍጥነት ጭማሪም ጭማሪ ነው። ወለሉን በባዶው ላይ በብሎን ጠርቅማ፣ ሞልቼዋለሁ አለች። ከወለል ስር ማን ያያል? ከዚያ ወዲህ ግን ቁጭ ብድግ ማለት አብዝታለች፤ ወለሉን በረገጠች ቁጥር የባዶው ድምፅ ይሰማታል።

ጀልባዋን ዳር ሲያስሩ ቨርነን ገመዱን አጥብቀው ቀና አሉ።

«ነገ እኔም አለሁበት። የትሪፕን ፊት በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

«አባባ፣ እርስዎ ዋና አይችሉም እኮ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ዳር ስኖር መቼ ቻልኩ? ድሮ ልቤ እየፈራ ነበር የምወጣባት። አሁን አንቺ ሞልተሻታል፤ ምን ያሰምጣታል?»

ቨርነን የነገውን ድል ዛሬ እናክብር ብለው፣ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ለውዝ ሊገዙ በመኪናቸው ሄዱ።

ስልኳ ጮኸ። ትሪፕ ነው፤ «ቆርቆሮዋ ተኳኩላ ጨረሰች?» ይላል። መልስ ጻፈች፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች። ፎሙ ዛሬ ቢሞላ እንኳ እስከ ነገ ማታ አይደርቅም። ሰኞ ትምህርት ቤት ፈርታ ቀረች እንደሚባል አሁኑኑ ታያት፤ ፊቷ ጋለ።

«ነገ አልመጣም» ብላ ላከችና ስልኩን ደፋችው። ካቻቪቴውን አንስታ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ብሎን አስቸገራት፤ ሁለተኛው ቶሎ ወጣ።

የአያቷን መኪና ድምፅ ከጥዶቹ ጀርባ ስትሰማ የወለሉ አንድ ጥግ ተከፍቶ ነበር። መልሳ ለመክደን ጊዜ ነበራት። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ብሎን አለፈች።