ክር የታሰረበት ብርጭቆ

ኧረ ዝም ብል ያፍነኛል፣ ልንገራችሁ! እኔና ኖህ የተዋወቅነው አሰላ፣ ደም ልንለግስ ተሰልፈን ነው። ያ ግዙፍ የሒሳብ አስተማሪ መርፌውን ሲያይ እኔ ላይ ተዘረረ።

«ይቅርታ... መርፌ እፈራለሁ» አለኝ ሲነቃ።

«ታዲያ ማን ና አለህ?» ብዬ ሳቅኩ። በዚያው ወደድኩት።

በሦስተኛው ወር፣ ሽማግሌ ሊልክ ሲል፣ የደሜን ውጤት ወሰድኩ። «ሄፓታይተስ ሲ፣ ፖዘቲቭ» ይላል፤ የጉበት ቫይረስ። ምን እደብቀዋለሁ? ነገርኩት። በብርጭቆ፣ በማዕድ እንደማይተላለፍም ነገርኩት። እሱ ደግሞ ለእናቱ ነገረ።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ እትዬ የውብዳር ለሁላችንም ውሃ አቀረቡ። የኔ ብርጭቆ ላይ ብቻ ቀይ ክር ታስሯል!

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እንዳይቀላቀል ነው ልጄ... የወፍ በሽታ እኮ ነው።»

ወደ ኖህ ዞርኩ። ጫማውን ያያል፤ ትንፍሽ አላለም። ክሩን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ውሃውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ሽማግሌውም በዚያው ቀረ።

እየተንገበገብኩ ላብራቶሪ የምትሠራው ጓደኛዬ ሙቢና ጋ ሄድኩ። ደሜን ቀድታ ለሌላ ምርመራ አዲስ አበባ ላከችው። መልሱ ሲመጣ አቀፈችኝ።

«ዳናዊት፣ ቫይረሱ የለም! ያ ወረቀት የሚያሳየው ድሮ ገብቶ እንደነበረ ብቻ ነው።»

«ማን አከመኝ ታዲያ?»

«ማንም! ጉበትሽ ውስጥ ዘበኞች አሉ። ቫይረሱ ሲገባ ከዘረመሉ ባዕድ መሆኑን ለዩት። ኢንተርፌሮን የሚባል ማስጠንቀቂያ ረጩ፣ ጎረቤት ሴሎች ተዘጋጁ፣ ሌላው ሠራዊት ደርሶ ጠራርጎ አስወጣው። ሁሉም ሰው እንዲህ አይቀናውም።»

አለቀስኩ። እኔ ሳላውቅ ሰውነቴ ተሟግቶልኛል!

ወሬው ኖህ ጋ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። እየሮጠ ቤቴ መጣ።

«ዳናዬ፣ ነጻ ነሽ አሉ! እማዬም ይቅርታ ብላለች። ሽማግሌ ልላክ?»

«ያን ቀን ክሩን ስታይ ምን አልክ?»

«ምን ልበል... እናቴ እኮ ናት።»

«እሳቸውማ ስለማያውቁ ፈሩ። አንተ ግን ታውቅ ነበር!»

«እወድሻለሁ እኮ!» እንባው መጣ።

እኔም እወደዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ማንም ያላዘዘው ጉበቴ ሲቆምልኝ፣ ሊያገባኝ የነበረው ሰው አንዲት ቃል ነፈገኝ! ነገ ደግሞ ስታመም ማን ሊቆምልኝ ነው?

ቀዩን ክር ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ለእናትህ መልስላቸው። ቻው ኖህ።»

በሩን ዘጋሁና ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ።