ትራፊኩ ካለፈ በኋላ

«ቀጭ» አለ።

ሙምቧ ዞር ሳትል ምን እንደሆነ አወቀች። የታናሽ ወንድሟ የመኪና ቀበቶ ነው። ኪያሎ ከልጅ መቀመጫው ተንሸራቶ ወርዶ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

«ኪያሎ! አሁን አይደል እንዴ ያሰርኩልህ?»

«ላሞቹን ላያቸው ነው።»

«ከመቀመጫህም ይታያሉ። ና ተቀመጥ!»

«ከዚያ ቂጣቸው ብቻ ነው የሚታየው።»

አባታቸው መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «እውነቱን ነው እኮ! የላም ቂጥ ለማየት ከናይሮቢ ድረስ ማን ይመጣል?»

«አባዬ፣ ስትስቅለት እኮ ይብስበታል!»

«እሺ እናቴ፣ አልስቅም» አለ አባቷ፤ ትከሻው ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በጠዋት ከናይሮቢ ወጥተው፣ ቲካን አልፈው፣ አያታቸው ወዳሉበት ወደ ምዊንጊ እየሄዱ ነው። እናታቸው ቀድማ ሄዳለች፤ አያታቸው ዓይናቸውን ታክመው ስለነበር ልታስታምማቸው። ስትሄድ ሙምቧን በር ላይ ይዛ፣ «የልጁን ቀበቶ አደራ» ብላት ነበር። «አባትሽ መንገዱን ነው የሚያየው። ልጁን የምታዪው አንቺ ነሽ።» ትናንት ማታ ደግሞ ደውላ ይህንኑ ደገመችው። ሙምቧ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። «ሰማሁ እኮ እማዬ» ብላ ብትነጫነጭም፣ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ስለሆነ በልቧ ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ግን ደስታው ወደ ድካም እየተለወጠ ነው። መጀመሪያ ዘፈነችለት፤ እስከ ሁለተኛው ዘፈን ታሰረ። ከማቱ ገበያ የገዙትን ማንጎ ቆርጣ ሰጠችው፤ ማንጎው እስኪያልቅ ታሰረ። ከዚያ እጇን በመቆለፊያው ላይ ጫነች፤ እሱ ግን «እጅሽ ይሞቃል» ብሎ ነከሳት።

በመጨረሻ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ስማ፣ ቀበቶውን የሚፈታ ልጅ ትራፊክ ይወስደዋል።»

ኪያሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። በግራም በቀኝም ቁጥቋጦና ቀይ አፈር እንጂ ሌላ የለም።

«የታለ ትራፊኩ?»

«ተደብቆ ነው።»

«ውሸታም!» አለና ሳቀባት።

ያን ጊዜ ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ።

«ትራፊክ አለ ማለቱ ነው፤ ቀበቶ!» አለ አባቷ።

በመኪናዋ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንዴ ሆነ። አባቷ የራሱን ቀበቶ ስቦ በደረቱ ላይ አጋደመና ጫፉን ሳይቆልፍ ከጭኑ ሥር ወተፈው። ሙምቧ የራሷን ቆለፈች። ኪያሎ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ዘሎ መቀመጫው ላይ ወጣ፤ ቀበቶውን በራሱ እጅ አሰረ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ከኩርባው ማዶ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ትራፊክ እጁን አነሳ። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ሹፌሩ የትኛው ነው? አንተ ነህ?» አለው ኪያሎን።

«እኔ እግሬ አይደርስም» አለ ኪያሎ።

ትራፊኩ ከት ብሎ ሳቀ። «ጨዋ ልጅ ነው ያለህ፤ እንዲህ የሚታሰር ልጅ ዛሬ አላየሁም» ብሎ አሳለፋቸው።

ጥቂት እንደሄዱ አባቷ ቀበቶውን ከጭኑ ሥር መዝዞ ለቀቀው። «ኡፍ፣ ይሄ ሙቀት!» ከሙምቧ አጠገብም ወዲያው «ቀጭ» አለ።

«ኪያሎ! አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ትራፊኩ አለፈ» አለ ኪያሎ። እንዴት ይህ እንደማይገባት ገርሞት ነበር የሚያያት።

ሙምቧ ልትቆጣው አፏን ከፈተችና ወደ ራሷ ደረት አየች። የእሷም ቀበቶ የለም። መቼ እንደፈታችው እንኳ አላስታወሰችም። ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇ በራሱ ፈትቶታል።

ይህን እያሰበች ሳለ አባቷ «እግዚኦ!» ብሎ ፍሬን ያዘ።

ቢጫ ጄሪካን የተጫኑ አህዮች ከቁጥቋጦው ድንገት ወጥተው መንገዱ መካከል ቆመው ነበር። የሙምቧ ጉልበት ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላተመ። ኪያሎ በአጠገቧ ሲወረወር የሸሚዙን ጀርባ ጨምድዳ ያዘችው፤ ይሁን እንጂ አፉ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የአባቷ ደረት መሪውን መትቶት ክላክሱ ጮኸ። ከዚያ መኪናዋ ቆመች። ፊት ለፊት ያለችው አህያ ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች።

ኪያሎ በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ከዚያ አለቀሰ። ማልቀሱን ስትሰማ ሙምቧ መተንፈስ ቻለች።

የአህዮቹ ባለቤት በትሯን ይዛ እየሮጠች መጣች። «አንተ ሰውዬ! አህያ ክንፍ የላትም፤ በርራ እንድታልፍልህ ነው?» የኪያሎን ደም ስታይ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «ውይ፣ ልጁን! አምጪው፣ አምጪው።» ከጄሪካኑ ውኃ ቀድታ አፉን አጠበችለት። ጥርሱ ደህና ነበር፤ የታችኛው ከንፈሩ ብቻ ተሰንጥቋል። «አይዞህ የኔ አንበሳ» አለችው። ከዚያ ወደ አባቱ ዞር አለች። «እኔ ጄሪካኑን እንኳ አስሬ ነው የምጭነው።»

አህዮቹ ካለፉ በኋላ አባቷ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር አቆመና ደረቱን እያሸ ቁጭ አለ።

ስልኩ ጠራ። እናታቸው ነበረች።

አባቷ ስልኩን አየና ለሙምቧ አቀበላት። «እናቴ፣ አንቺ አንሺው። ደህና ነን፣ ኪያሎ ተኝቷል በያት። አሁን በሐሳብ ምን ይጨርሳታል? ስንደርስ እንነግራታለን።»

እውነቱን ነው። እናቷ ከሰማች እስኪደርሱ ድረስ ቁጭ አትልም። ደግሞም አደራ የተባለችው ሙምቧ ናት። «ተኝቷል» ማለት ቀላል ነው። ስልኩን አነሳች።

«ሄሎ እማዬ።»

«የት ደረሳችሁ? ልጁ ታስሯል?»

ኪያሎ ያበጠ ከንፈሩን በጣቱ እየነካ ያያት ነበር።

«አልታሰረም ነበር» አለች ሙምቧ። «አህያ ገብታብን ፍሬን ስንይዝ ከንፈሩን ትንሽ ተመታ። ደሙ ቆሟል። አሁን ደህና ነው።»

«ሙምቧ! እኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

«አደራ ብለሽኛል። ግን እማዬ… እኔም አልታሰርኩም ነበር። ትራፊክ ሲኖር ብቻ ነው የምንታሰረው። ኪያሎም እኛን አይቶ ነው።»

«እኛ ማለት ማን?»

ሙምቧ ቀና ብላ ወደ መስታወቱ አየች። ስለ ራሷ መናገር አንድ ነገር ነው፤ አባትን መክሰስ ግን ሌላ። አባቷ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላት።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔም አልታሰርኩም ነበር።» ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «እሺ» አለ። «እሺ። አይ፣ እሷን አትቆጪያት፤ ከእኔ ነው ያየችው። እሺ፣ ቀስ ብለን እንመጣለን።»

ስልኩን አስቀመጠ። ሙምቧ የሚቆጣት መስሏት ጠበቀች። እሱ ግን «እናትሽ እውነት ሲነገራት ለአጭር ጊዜ ነው የምትቆጣው፤ ተርፈሻል» አለና ቀበቶውን ስቦ ቆለፈው። ጠባብ ሆኖበት ትንሽ ተቁነጠነጠ። «ይሄ ነገር መኪናዋን ስገዛት የኔ ልክ ነበር!»

«ቀበቶው ጠቦ ሳይሆን ሆድህ ሰፍቶ ነው» አለች ሙምቧ።

«አመሰግናለሁ ልጄ!»

ኪያሎ ከንፈሩ እያመመውም ሳቀ።

ሙምቧ የራሷንና የኪያሎን ቀበቶ ቆለፈችና እንደገና ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፀሐዩ በመስኮት በኩል ጭናቸው ላይ ያርፋል። የሙምቧ ቀበቶ ከአንገቷ ሥር ያልባታል፤ ይከረክራታል። አጠገቧ ኪያሎ ጣቱን ወደ መቆለፊያው ቀስ አድርጎ ላከ። እጇን ልትጭንበት አሰበችና ተወችው።

«ሙምቧ፣ ትራፊክ አለ?» አላት።

«የለም።»

«ተደብቋል?»

«አልተደበቀም። የለም። እስክንደርስ ድረስም ላይኖር ይችላል።»

ኪያሎ ደረቷ ላይ ያለውን ቀበቶ አየ። የአባቱንም አየ። ተራ በተራ ደጋግሞ አያቸው፤ የሆነ ሰው እስኪፈታ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሙምቧ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችና ነፋሱ በአንገቷ ሥር እንዲገባ ቀና አለች። ቀበቶዋን አልነካችም።

ጣቱ ከመቆለፊያው ላይ ተነሳ።

«የአያቴ ዶሮ ጫጩቶቿን ፈልፍላለች?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስንደርስ እናያለን» አለችው።